ለአቃቂም ካልቸር ይታዘዝለት

ለ፦ የአዲስ አበባን ወንዝ፣ ፍሳሽና ጤና በኃላፊነት ለያዛችሁ
ግልባጭ፦ በአቃቂ ውኃ የበቀለ ሰላጣ ለምንበላ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በወንዞቻችን ውስጥ ያሉ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንዲለኩና ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በሕክምና ላቦራቶሪ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ባክቴሪያ በሚመረመርበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከታማሚ የመጣ ሽንት፣ ደም ወይም መግል ሳህን ላይ ይዘራል፤ «ካልቸር» የምንለው ይህን ነው። በማግስቱ ከበቀለው ባክቴሪያ ተወስዶ ሌላ ሳህን ላይ ይቀባና በመድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ይደረደሩበታል። በሦስተኛው ቀን ማስመሪያ ይዤ እለካለሁ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። የማይሠራ ከሆነ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ተነጥፎ አገኘዋለሁ፤ በመዝገቡም ላይ «አር» ብዬ እጽፋለሁ፤ ተላምዷል ማለት ነው። ሥራ ስጀምር ማስመሪያዬ ዕረፍት አልነበረውም። አሁን ማስመሪያ ሳላነሳ ገና ክዳኑን ስከፍት «አር» ብዬ የምጽፍባቸው ቀናት በዝተዋል።

ባለፈው ዓመት የአንዲት እናት የሽንት ናሙና ደረሰኝ። የበቀለው ኢ. ኮላይ ነበር፤ በሁላችንም አንጀት ውስጥ የሚኖር ተራ ባክቴሪያ። ሲፕሮ፣ አር። ሴፍትሪአክሶን፣ አር። ጄንታማይሲን፣ አር። ከደረደርኳቸው ውስጥ የቀረላቸው በደም ሥር የሚሰጠው ሜሮፔኔም ብቻ ሆነ። ውጤቱን ሊወስድ የመጣው ልጃቸው ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «እማዬ እኮ ሆስፒታል ተኝታ አታውቅም፤ መርፌ የምትፈራ ሰው ናት። ይህን ጀርም ከየት አመጣችው?» አለኝ። «ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ» አልኩት። እኛ የላብ ሰዎች ጥያቄ ሲከብደን የምንወጣበት በር ይሄ ነው።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ይህን ደብዳቤም ያስጻፈኝ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በ104 አገሮች ከ258 ወንዞች ውኃ ቀድቶ 61 የመድኃኒት ንጥረ ነገሮችን ፈልጎ ነበር። በድምሩ ከፍተኛው መጠን የተገኘው በፓኪስታኗ ላሆር ከተማ ነው፤ ቀጥሎ የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ናት፤ በአማካይ በአንድ ሊትር ውኃ 51.3 ማይክሮግራም። ነሐስ ያመጣንበት ውድድር መሆኑ ነው፤ ቦሌ ላይ አቀባበል ግን አልተደረገለትም።

ላለማጋነን ያህል፣ ይህ ቁጥር የአንቲባዮቲክ ብቻ አይደለም። የራስ ምታት ክኒኑም፣ የስኳር መድኃኒቱም፣ ካፌይኑም አንድ ላይ ተደምሮበታል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ከተማ ካፌይን ወንዝ ውስጥ መገኘቱ ሊደንቀን አይገባም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከሰውነታችን የሚወጣው ሁሉ ሳይጣራ ወንዝ እንደሚገባ ይህ ቁጥር ምስክር ነው። ፓራሲታሞሉ ያለፈበትን መንገድ አንቲባዮቲኩም ያልፍበታል፣ አንቲባዮቲኩን የተላመደው ባክቴሪያም እንዲሁ።

በየሆስፒታሉ በብዛት የሚታዘዘው የአንቲባዮቲክ መርፌ፣ ሴፍትሪአክሶን፣ ለአብነት ይበቃል። ከተወጋው ውስጥ ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። በአንድ የመኝታ ክፍል አሥር ሕመምተኛ ጠዋትና ማታ ሲወጋ ያ ክፍል የሚጠቀምበት ሽንት ቤት ምን እንደሚሸከም ገምቱት። ከዚያ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ማዶ ቀበና ወይም ባንቲይከቱ ወይም ቡልቡላ አለ። በአንድ ወቅት እሠራበት የነበረ ተቋም ጓሮ ከጉድጓዱ ወደ ወንዙ የተዘረጋ ቱቦ ነበር። በክረምት አይታይም፤ በበጋ ወንዙ ሲጎድል ብቅ ይላል። «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ «የዝናብ ውኃ ማስወገጃ» ተባልኩ። ወሩ የካቲት ነበር።

ወንዝ ውስጥ መድኃኒቱ በውኃ ይቀጥናል። ብዙ ሰው «ከቀጠነማ ምን ይጎዳል?» ይላል። ጉዳቱ ያለው እዚያው ላይ ነው። የቀጠነ መድኃኒት ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ያስቀምሰዋል እንጂ። የቀመሰና የተረፈው ደግሞ ከማይችሉት ዘመዶቹ ይልቅ ይረባል። በዚያ ላይ ባክቴሪያዎች ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ ክብ የዘረመል ቁራጭ ይቀባበላሉ፤ የመላመዱ ጥበብ ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ላይ ነው። ድሮ እናቶቻችን በጠዋት ከጎረቤት እሳት ይጭሩ ነበር። የሰጠችው እሳቷ አይጎድልባትም፣ የወሰደችው ምድጃዋ ይሞቃል። ፕላዝሚድም እንደዚያ ነው፤ ሰጪው ቅጂውን ይዞ ይቀራል። እሳት የሚጫጫሩት ደግሞ የአንድ ዝርያ ባክቴሪያዎች ብቻ አይደሉም። ከሰው አንጀት የመጣ ኢ. ኮላይ ለተቅማጥ ጀርም ወይም ለታይፎይድ ጀርም ሊያስጭር ይችላል። ፍሳሽ የተቀላቀለበት ወንዝ ማለት እነዚህ ሁሉ መድኃኒቱን እየቀመሱ አንድ ላይ የሚውሉበት ሰፈር ነው።

ከሐሳብ የተፈጠረ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ ሃይደራባድ የሚባሉ ሁለት ከተሞችን ላንሳ። አንዱ ህንድ ውስጥ፣ ሌላው ፓኪስታን ውስጥ ነው፤ ስማቸው ይገጣጠም እንጂ አይተዋወቁም።

በህንዱ ሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቸሩ በሚባል ቦታ ወደ 90 የሚጠጉ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወደ አንድ የጋራ ማጣሪያ ይልኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የስዊድን ተመራማሪዎች ከማጣሪያው የወጣውን «ንጹሕ» ውኃ ሲለኩ በአንድ ሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን አገኙ። ሲፕሮ እየወሰደ ባለ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው መጠን ይበልጣል። ልብ በሉ፤ ማጣሪያ ነበራቸው። የተሠራው ግን ሽታና ቆሻሻ ለማስወገድ እንጂ ለዚህ አልነበረም።

በፓኪስታኑ ሃይደራባድ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የታይፎይድ ሕመምተኞች በተለመደው መድኃኒት አልድን አሉ። ክሎራምፌኒኮል፣ አምፒሲሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሲፕሮ፣ ሴፍትሪአክሶን፣ አንዳቸውም አልሠሩም። በአፍ ከሚወሰዱት አዚትሮማይሲን ብቻ ቀረ። የታይፎይዱ ባክቴሪያ ሴፍትሪአክሶንን የሚያከሽፈውን ዘረመል የጫረው እንደ ኢ. ኮላይ ካሉ የአንጀት ባክቴሪያዎች በፕላዝሚድ መሆኑ በኋላ በምርመራ ታወቀ። ያሠራጨው ደግሞ ፍሳሽ የገባበት የመጠጥ ውኃ ነበር። ፓኪስታን አዲሱን የታይፎይድ ክትባት ከየትኛውም አገር ቀድማ በመደበኛ ፕሮግራሟ ያስገባችው ይህ ስለደረሰባት ነው።

እኛ ጋ ያለውን ነገር እያሰብኩ ይህን ስጽፍ እጄ ቀዝቀዝ ይላል። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ የአዲስ አበባ ሰው አለ? ያቺ በአሥር ደቂቃ የምታልቅ፣ ዊዳል የምትባል የታይፎይድ የደም ምርመራ በሽታው በሚዘወተርበት አገር ብዙ ጊዜ የምትሳሳት ናት። ከዓመታት በፊት ያለፈ ኢንፌክሽን እንኳ «አለ» ልታሰኝ ትችላለች። እኛ የላብ ሰዎች ይህን እያወቅን ውጤቱን እንጽፋለን፤ ሰውየው ሲፕሮና ዶክሲውን ተሸክሞ ይሄዳል። የሌለበትን በሽታ ታክሞ መድኃኒቱን በሽንቱ ለአቃቂ ያስረክባል። ስለዚህ ደብዳቤው እናንተን ብቻ የሚወቅስ አይምሰላችሁ። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ፋርማሲስትም፣ አምስት ፍሬ ውጦ ሲሻለው የተወውም፣ ለዶሮው ኦክሲቴትራሳይክሊን በግምት በውኃ የሚበጠብጠውም፣ እኔም አለንበት።

አሁን ወደ ራሳችን ወንዝ። ከእንጦጦና ከወጨጫ በኩል የሚነሱት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን ለሁለት ይዘው ይወርዳሉ፤ በየመንገዱ ቀበናን፣ ግንፍሌን፣ ቀጨኔን እየሰበሰቡ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ሐይቅ ነው። ከዚያ አዋሽ ነው፤ ቆቃ፣ አዳማ፣ መተሃራ እያለ አፋር ድረስ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ እዚሁ አገር ውስጥ እየተጠጣ፣ ከብት እየጠጣው፣ እርሻ እያጠጣ ያልቃል። እኛ የላክነው ሁሉ የሚቀረው እዚሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ መንገድ ለእኛ የሚቀርበው የአትክልቱ ነው። በወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይበቅላል። ካሮቱን ነቅለው እዚያው ወንዝ ውስጥ አጥበው ሲጭኑት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ብርቱካናማው ያበራል፣ ገዢም ይወደዋል። ጎመኑ ይቀቀላልና ብዙም አያሰጋኝም፤ እነ ኢ. ኮላይ ቢላመዱም በደንብ ከተቀቀለ አይተርፉም። ሥጋቴ ሰላጣው ነው። በጾም በየዓይነቱ ላይ ከጎን የምትቀመጠው፣ በቧንቧ ውኃ አንዴ ተለቅልቃ ቲማቲምና ቃሪያ የሚከተፍባት። በእሷ የሚገባው ባክቴሪያ የግድ ያን ዕለት አያሳምምም። አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ከወራት በኋላ ሰው ሲታመም፣ እናት ስትወልድ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ያኔ ይነሣል፤ እኛም «ከየት አመጣችው?» እንባላለን።

እባካችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ገበሬውን ለማባረር እንዳትነሡ። ከተማው በቀላሉ የሚያስወግደው ሁልጊዜ ድምፅ የሌለውን ነውና ነው ቀድሜ የምለምነው። ገበሬው ውኃውን አላቆሸሸውም፤ ከእኛ ተቀብሎ መልሶ ለእኛ ነው ያበላው።

የሠራችሁትን አልክድም። የወንዝ ዳርቻ ልማት ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ሲባል «የወረቀት ጉድ ነው» ካሉት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ልጆቼን ይዤ የምሄድበት መናፈሻ አለ፤ ሽታው የቀነሰበት ቦታም አለ። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጓል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ማጣሪያ ባክቴሪያን ይቀንሳል እንጂ አይጨርስም፤ ዘረመሉም ከሞተ ባክቴሪያ ወጥቶ በውኃው ሊቆይ ይችላል። ከከተማው ብዙው ቤት ደግሞ ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም፤ ያለው ጉድጓድና መጣጭ መኪና ነው። ዳርቻው አምሯል። ውኃውን ግን ማን መረመረው?

ሕጉ አለን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ተጽፏል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። መድኃኒት መላመድን ለመከላከል የወጡ ብሔራዊ ስትራቴጂዎችም አሉ፤ ከ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የነበረው «አንድ ጤና» ብሎ ሰውን፣ እንስሳንና አካባቢን አንድ ላይ ያስቀመጠ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ግን በዚያ ስብሰባ ሰው ወንበር አግኝቷል፣ እንስሳም ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጥቶታል፤ ወንዙ በር ላይ ቆሞ ነው ያለው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ትራይሳይክል» የሚባል መመሪያ አለ፤ እንደ ልጆች ሳይክል ሦስት ጎማ ያለው፦ ሰው፣ ምግብና ውኃ። በሦስቱም የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ሴፍትሪአክሶን ያሉትን መድኃኒቶች የሚያፈርስ ኢ. ኮላይ። ለእኔ ውበቱ ርካሽነቱ ላይ ነው። ከወንዙ ውኃ ትቀዳለህ፤ አቅጥነህ ሁለት ሳህን ላይ ትዘራዋለህ። አንደኛው ተራ ሳህን ነው፤ ሁለተኛው የሴፍትሪአክሶን ዘመድ የሆነው ሴፎታክሲም በሊትር 4 ሚሊግራም የተጨመረበት። ጠዋት ተነሥተህ ትቆጥራለህ። በተራው ላይ መቶ በቅሎ በሁለተኛው ላይ ሠላሳ ከበቀለ፣ ከመቶው ሠላሳው ተላምዷል። የተወሳሰበ ማሽን የለበትም፤ ኢንኩቤተር የሚባለው ማሞቂያ ሣጥን፣ ሳህንና የሚቆጥር ዓይን ይበቃል። በየወሩ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሆስፒታል ፍሳሽ መውጫ በታች፣ ከቃሊቲ ማጣሪያ በፊትና በኋላ፣ ከአባ ሳሙኤል እንዲሁም ከገበያ ከተገዛ ሰላጣ ብንቀዳ፣ በዓመቱ ወንዙ የቱ ጋ እንደሚታመም እናውቃለን። ቁጥሩም በድረ ገጽ፣ ካልሆነም በወንዙ ዳር መናፈሻ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። በ2011 ዓ.ም. ለወንዝ ዳርቻው ልማት ገንዘብ በተሰበሰበበት እራት፣ በገበታ ለሸገር፣ አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። የአንዷን ወንበር ሩብ ብትሰጡን ሳህኑ አያልቅብንም።

«ሕዝብ ይደናገጣል» የሚል እንዳለም አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች ኒው ዴልሂ ውስጥ ኤንዲኤም-1 የሚባለውን፣ እነ ሜሮፔኔምን የሚያከሽፈውን ዘረመል ከ50 የቧንቧ ውኃ ናሙና በ2ቱ፣ ከ171 የመንገድ ዳር የተጠራቀመ ውኃ ናሙና በ51ዱ አገኙ። የህንድ ባለሥልጣናት ከዚያ ቀደም ብሎም ዘረመሉ በከተማቸው ስም በመጠራቱ ተቆጥተው ነበር። ቁጣው ስሙ ላይ ሲቀር ዘረመሉ ዓለምን ዞረ። የእኛ ሰው ደግሞ ሲነገረው ይሰማል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት ከተማችን ሲገባ ውኃ ያላፈላ፣ ጥሬ ሰላጣ ከማዘዝ ያልተቆጠበ ማን ነበር? ያስደነገጠን የተነገረን ነገር ሳይሆን በሽታው ነበር።

ሌላው ቂሊንጦ ነው። ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተዘጋጀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በዚሁ በአቃቂ በኩል ይገኛል። መድኃኒት እዚህ መመረቱን ከልቤ እደግፋለሁ፤ በመድኃኒት የተነከሩት ወረቀቶች አልቀው ምርመራ ያቋረጥኩበትን ቀን አልረሳም። ነገር ግን አንቲባዮቲክ የሚያመርት ፋብሪካ ፈቃድ ሲወስድ ከቱቦው የሚወጣው የአንቲባዮቲክ መጠን ገደብ አብሮ ይጻፍ። የዓለም ጤና ድርጅት በሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ብሎ መመሪያ አውጥቷል፤ ከባዶ መጀመር አያስፈልገንም። በፓታንቸሩ የተለካው ፋብሪካው ተተክሎ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። እኛ ገና በጊዜ ነን። ሆስፒታሎችም ቢሆኑ ፍሳሻቸውን በግቢያቸው ሳያክሙ እንዳይለቁ፣ ጉድጓዱን ሞልቶ ሲፈስ ሳይሆን ከዚያ በፊት የሚያይ ተቆጣጣሪ ይመደብላቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህን የሳህን ሥራ በራሴ ጊዜ ለመጀመር ፈልጌ ውኃ ለመቅዳት ፈቃድ ልጠይቅ ወጥቼ ነበር። የመጀመሪያው ቢሮ «ውኃው የእኛ ነው፤ ባክቴሪያው ግን የጤና ነው» አለኝ። ሁለተኛው «ባክቴሪያው የእኛ ነው፤ ወንዝ ከገባ ግን አይመለከተንም» አለኝ። ሦስተኛው ቢሮ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስሞታ እያቀረብኩ አይደለም፤ የማንም ክፋት አልነበረም። ወንዙ የማንም ሥራ ስላልሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል፤ ከሁሉ የከፋው ከሰሐራ በታች ባለው የእኛው አህጉር ነው። ያቺ እናት ከዚያ ቁጥር አልገቡም፤ በሜሮፔኔም ድነዋል። ልጃቸው በኋላ ቡና ሊጋብዘኝ መጥቶ ነበር፤ ያን ጥያቄ ግን አልደገመውም። እኔም አላነሣሁበትም።

ኢንኩቤተሩ ከሥራ ሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጠርሙስ ይዘው ከእኔ ጋር ወንዝ ለመውረድ የተስማሙ ሁለት ወጣት ባልደረቦች አሉኝ፤ ቦት ጫማውንም ገዝተናል። የሚጎድለን «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል አንድ የትብብር ደብዳቤ ነው፤ ማኅተሙ የደረሰበት።

ከሠላምታ ጋር
አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ